ከብሩሹ በፊት ካሜራ፦ ስለ አሮጌ ባቡር አጠባበቅ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የባቡር ሙዚየም የሚያቋቁሙ፣ የሚያስጎበኙና በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ አንባቢያን ከላኩልን ጥያቄዎች ሰባቱን ለዚህ እትም መርጠናል። አብዛኞቹ «እንዴት እናሳምረው?» የሚሉ ናቸው። ማሳመርና ጠብቆ ማቆየት አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ይጋጫሉ። በሠራተኞች ጫማ የተበላ መርገጫ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ መዘውር፣ ከቀለም ሥር ያለ ሌላ ቀለም፣ እነዚህ አንዴ ከጠፉ ማንም መልሶ ሊሠራቸው የማይችል ማስረጃዎች ናቸው። መልሶቻችን ወደ ማስረጃው የሚያደሉት ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለአርባ ዓመት ያህል ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የኖረ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ተረክበናል። በጎ ፈቃደኞች አሉን። አሸዋ በሚረጭ ማሽን ዝገቱን አራግፈን ቀለም ልንቀባው አስበናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማሽኑን ወደመጣበት መልሱት። አሸዋው ዝገቱን ብቻ አይደለም የሚያነሳው። ከሥር ያለውን የፋብሪካ ቀለም፣ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር፣ የቀጥቃጩን የመዶሻ ምልክት ጭምር ጠርጎ ይሄዳል። ብናኙ ደግሞ ኩሽኔታ፣ የፒስተን ዘንግ ማሸጊያና የዘይት ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ሎኮሞቲቩ አንድ ቀን ሁለት ሜትር እንኳ ቢገፋ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከሁሉ የሚከፋው የሰው ጉዳይ ነው። የድሮ ባቡር ቀለም፣ በተለይ ቀዩ ጸረ ዝገት፣ ለረጅም ዘመን የሚሠራው ከእርሳስ ኦክሳይድ ነበር። ብናኙ የሚረጨውን ሰው ይመርዛል፤ መሬት ላይ ያረፈው ደግሞ በኋላ ለጉብኝት የሚመጣውን ሕፃን አድብቶ ይጠብቃል።

ሥራው በካሜራ ይጀመር። አንድ ብሎን ሳይነካ ሎኮሞቲቩን ከአራቱም ጎን፣ ከላይና ከሥር፣ ከዚያም እያንዳንዱን ክፍል በቅርበት አንሱ። በምስሉ ውስጥ ማስመሪያ ይታይ። የምትፈቱት ዕቃ ሁሉ ቁጥር የተመታበት የላሜራ ምልክት በሽቦ ይታሰርለት፤ በወረቀትና በማርከር የተጻፈ ቁጥር ዘይት ሲነካው ይጠፋል። ብሎንና ዳዶ ከወጡበት ቀዳዳ ጋር አብረው ይመዝገቡ። የድሮ ሠራተኞች ብዙውን ብሎን ለየቀዳዳው በእጅ አስተካክለው ስለሚሠሩት የግራው በቀኝ ቀዳዳ ላይገባ ይችላል። የእንግሊዝ አሮጌ የብሎን ጥርስ፣ ዊትዎርዝ የሚባለው፣ ማዕዘኑ 55 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪኩ 60 ዲግሪ። በዓይን ይመሳሰላሉ። አዲስ ዳዶ በጉልበት ከጠበቀ ግን የአሮጌው ብሎን ጥርስ ይላጣል።

ቀጥሎ ውሃው የት እንደሚተኛ ፈልጉ። ሎኮሞቲቭን የሚገድለው በግላጭ የሚታየው ዝገት አይደለም፤ ያ ብዙውን ጊዜ ላይ ላዩን ነው። የሚገድለው የተደበቀው ነው፦ የጭስ ማጠራቀሚያው ወለል፣ ከምድጃው በታች ያለው የአመድ ሳጥን፣ የውሃ ታንኩ መሠረትና በቦይለሩና በሽፋን ላሜራው መካከል ያለው ክፍተት። የድንጋይ ከሰል አመድና ጥላሸት ድኝ አለበት። እርጥበት ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ወፍራሙን ብረት ከውስጥ በልቶ ወንፊት ያደርገዋል። አመዱን በደረቁ አውጡት፤ አቧራ የሚከለክል ጭምብል አድርጉ፤ በውሃ እንዳታጥቡት። ጭስ ማውጫውን ዝናብ በማያስገባና አየር በማይከለክል ክዳን ሸፍኑ። የታንኩ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ተደፍነው ከሆነ ክፈቷቸው። ይህ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል፤ ከማንኛውም ቀለም በላይ ዕድሜ ይጨምራል።

የቦይለሩን ሽፋን ላሜራ ግን አትንኩ። ከሥሩ ያለው ነጭ ወይም ግራጫ ሙቀት መከላከያ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ላይ እጅግ የተለመደ ነበር። ቃጫው በዓይን አይታይም፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ በሽታው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ናሙና የሚወስደውም የሚያነሳውም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሁን። እስከዚያው የተቀደደውን ላሜራ በፕላስቲክ አሽጋችሁ ጎብኚ እንዳይቀርብ ከልሉት።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ቀለም ምን እንደነበር በግምት አትወስኑ። በዝናብ ያልተመታ ቦታ ምረጡ፤ ከቁጥር ሰሌዳ ጀርባ ወይም ከነጂው ክፍል ጣሪያ ሥር ይገኛል። እዚያ ላይ አራት ሴንቲ ሜትር በምታህል ክብ ቦታ ከ400 ጀምሮ እስከ 1200 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እያረጠባችሁ፣ በቀስታ ፈግፍጉ። መሐሉ ጥልቅ፣ ዳሩ ጥልቀት የሌለው ይሁን። የቀለሙ ንብርብሮች እንደ ግንድ ቀለበት አንዱ በሌላው ዙሪያ ብቅ ይላሉ፤ መሐል ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። ፎቶ አንስታችሁ ያንን ቦታ ሳትቀቡት በጥርት ቫርኒሽ ሸፍናችሁ ተዉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ይፈልገዋል።

አዲስ ቀለም የሚያስፈልገው እውነተኛ ብረት የተጋለጠበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያ የላላውን ዝገት በብረት ብሩሽና በእጅ መፋቂያ አንሱ፤ ብናኙ እንዳይነሳ አሮጌውን ቀለም ቀድማችሁ በውሃ እያረጠባችሁ ሥሩ፤ ቅባቱን በአኳራጅ ጥረጉ፤ አንቲረስቱን በዚያው ቀን አሳርፉ። የብረቱ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚያወርድበት ነጥብ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ማለት አለበት፤ የአየሩ እርጥበትም ከ85 በመቶ በታች ይሁን። ይህን ያልጠበቀ ቀለም ለዓይን የማይታይ የውሃ ሽፋን ላይ ስለሚያርፍ ከጥቂት ወራት በኋላ ፊኛ አውጥቶ ይረግፋል። ብዙ ሰው ቀለሙን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የጠዋቱ ጤዛ ነው።

ጥያቄ፦ የናሱን የፋብሪካ ሰሌዳ በየሳምንቱ ማጽዳት ልክ ነው? ጎብኚዎች ሲያበራ ይወዱታል።

መልስ፦ ልክ አይደለም። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር የሰሌዳው ብረት ነው። ፊደል የተቀረጸበት ሰሌዳ በየሳምንቱ ሲፈገፈግ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ቁጥሩ የማይነበብበት ጊዜ ይመጣል። አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አጽዱት፤ ስስ ማይክሮ ክሪስታሊን ሰም ቀቡት፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሱ። ሰሙን በዓመት አንድ ጊዜ ማደስ ይበቃል። ጎብኚው ናስ መንካት ከፈለገ ታሪክ የሌለው አንድ መለዋወጫ ዕቃ በመግቢያው ላይ አኑሩለት።

ጥያቄ፦ የአስተዳደር ቦርዳችን ሎኮሞቲቩ እንደገና እንፋሎት አፍልቶ ይሂድ ይላል። የሚንቀሳቀስ ባቡር ሰው ይስባል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሰው መሳቡ እውነት ነው፤ የሚተነፍስ ሎኮሞቲቭ አጠገብ የቆመ ልጅ መቼም አይረሳውም። ሆኖም ለመንቀሳቀስ የሚከፈለው ዋጋ አሮጌ አካል ነው። ቱቦዎቹ ይለወጣሉ፤ ምድጃው ይቆረጣል፤ ኩሽኔታው እንደገና ይቀለጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ሎኮሞቲቭ ከዓይነቱ ስንት ቀርቷል?» የሚለው ነው። ብቸኛው ከሆነ ይቁም። በ1829 የተሠራው የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የስቲቨንሰን ሎኮሞቲቭ «ሮኬት» በ1862 ለንደን ውስጥ ወደ ሙዚየም ገብቶ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ እንፋሎት አፍልቶ ሲሄድ የታየው በ1979 የተሠራው ቅጂው ነው። ዋናው «ሮኬት» ሲሊንደሮቹ በመጀመሪያ ወደ ላይ ያዘነበሉ ነበሩ፤ በሥራ ዘመኑ ወደ አግድም ዝቅ ተደርገዋል። ይህን የመሰለ ለውጥ ከራሱ ከብረቱ ሊነበብ የሚችለው «ወደ አዲስነቱ እንመልሰው» ብሎ የፈታው ሰው ስላልነበረ ነው።

ከዓይነቱ ብዙ ካለና የእናንተ እንዲሄድ ከወሰናችሁ፣ ጉዳዩ ከቅርስነት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በ10 ባር ግፊት ውሃ የሚፈላው በ184 ዲግሪ ገደማ ነው። ቦይለሩ በድንገት ቢቀደድ ግፊቱ ይወድቃል፤ ከውሃው ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ደግሞ ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ቦምብ የሚያደርገው ይህ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ቦይለሩ ታጥቦ ቱቦዎቹ ይወጣሉ። የብረቱ ውፍረት በአልትራሳውንድ መለኪያ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ እየተለካ በሥዕል ላይ ይሰፍራል፤ በአጋጣሚ የተመረጡ አምስት ስድስት ቦታዎችን ለክቶ «ደህና ነው» ማለት ማታለል ነው። ምድጃውን ከውጭው ግድግዳ ጋር የሚያያዙት የማሰሪያ ብሎኖች አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታሉ፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይደውላል፣ የተሰበረው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻ ቦይለሩ ሞቅ ባለ ውሃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይፈተናል። በአሜሪካ ደንብ ትርፉ 25 በመቶ ነው፤ በሌሎች አገሮች ከዚያም ይበልጣል። ፈተናው በውሃ የሚደረገው ውሃ ስለማይታመቅ ነው፤ ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል እንጂ አይፈነዳም። በአየር እንፈትን የሚላችሁን ሰው አትስሙ። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ የአሜሪካ ደንብ ሙሉውን ምርመራ በየ1,472 የሥራ ቀን ወይም በየ15 ዓመቱ፣ ቀድሞ በሞላው፣ ያስደግማል።

ከሁሉ በላይ የውሃ መጠን። በቦይለሩ ውስጥ ያለው የምድጃው ጣሪያ ሁልጊዜ በውሃ መሸፈን አለበት፤ ውሃው ከጣሪያው በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ግፊቱ ወደ ታች ይጫነዋል። በሰኔ 1995 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጎብኚዎችን በሚጎትት ሎኮሞቲቭ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ ሦስት ሠራተኞች የቃጠሎ ጉዳት ደረሰባቸው። የውሃ መመልከቻ ብርጭቆው መተላለፊያዎች ከውሃው በተጋገረ ነጭ ቅርፊት ተደፍነው ስለነበር የሚታየው መጠን እውነተኛው አልነበረም። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ብርጭቆው ላይ የቆመ ውሃ ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃ የሚሆነው ሲያፈሱት ወርዶ ወዲያው ተመልሶ የሚወጣ ውሃ ነው። በየሥራው መጀመሪያ ፈትኑት፤ ሲመለስ ከዘገየ እሳቱን አጥፉ። ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ መመልከቻ ይኑር። በምድጃው ጣሪያ ላይ ያለው፣ ውሃው ሲጎድል የሚቀልጠው ታፖ (ቀዳዳ መድፈኛ) ማስጠንቀቂያ እንጂ መድን አይደለም።

ጥያቄ፦ ቅጥር ግቢያችን ውስጥ 60 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ ቆሟል። ቁልቁለቱ ለዓይን አይታይም። የአየር ፍሬኑ ይዟል፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ዛሬውኑ ታኮ አስገቡለት። የአየር ፍሬን የሚሠራው በዋናው ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት፣ ብዙውን ጊዜ 5 ባር ገደማ፣ ሲቀንስ በየፉርጎው ጋን ውስጥ የተጠራቀመው አየር ፒስተኑን ገፍቶ ጫማውን ከመንኮራኩሩ ጋር በማጣበቅ ነው። ስለዚህ ቱቦው ቢቆረጥ ባቡሩ ይቆማል፤ ድንቅ ፈጠራ ነው። ነገር ግን የጋኑ አየር በአሮጌ ማሸጊያ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ጠዋት የያዘው ፍሬን ማታ ላይለቅ ይችላል፤ ከነገ ወዲያ ግን ይለቃል፤ ማንም ሳይነካው።

በሐምሌ 2013 በካናዳ ላክ ሜጋንቲክ ከተማ 47 ሰዎች የሞቱበት አደጋ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ የቆመ ነዳጅ የጫነ ባቡር ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሎኮሞቲቮቹ የአየር ፍሬን ቀስ በቀስ ላላ፤ የታሰሩት የእጅ ፍሬኖች ብቻቸውን ሊይዙት አልቻሉም።

ለዓይን የማይታየው ቁልቁለት በሺህ 5 ቢሆን 60 ቶኑን ወደ ታች የሚስበው ኃይል 300 ኪሎ ግራም ያህላል። በሮለር ኩሽኔታ ላይ ያለ ፉርጎ ለመንከባለል በቶን ጥቂት ኪሎ ግራም ይበቃዋል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ላይ የእጅ ፍሬኑን አጥብቁ፤ የአየር ፍሬኑን ሆን ብላችሁ አስለቅቁት፤ ከዚያ ገፍታችሁ ሞክሩ። የእጅ ፍሬኑ ብቻውን መያዙን የምታውቁት በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በመጨረሻ ከፊትና ከኋላ መንኮራኩር ሥር የብረት ወይም የጠንካራ እንጨት ታኮ አስገቡ፤ ከሐዲዱ ጋር በሰንሰለት ተቆልፎ ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ይሁን። ልጆች ታኮ ማንሳት ይወዳሉ።

ጥያቄ፦ ከእንጨት የተሠራ የመንገደኛ ፉርጎ አለን። ከመቀመጫው ሥር ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ይራገፋል፤ የመቀመጫው ጨርቅም ተበልቷል። መድኃኒት እንርጭ?

መልስ፦ ከመርጨታችሁ በፊት ነፍሳቱ በሕይወት መኖራቸውን እወቁ። ዱቄቱን ጥረጉ፤ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት ዘርጉ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልከቱ። አዲስ ዱቄት ካልወረደ የድሮ ጉዳት ነው፤ ተዉት። ከወረደ፣ የሚፈቱትን የጨርቅ ክፍሎች በፕላስቲክ አሽጋችሁ፣ አየሩን በተቻለ መጠን አስወጥታችሁ፣ ዕቃ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ሦስት ቀን፣ ከዜሮ በታች 18 ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስታወጡ ፕላስቲኩን ወዲያው እንዳትከፍቱት፤ አንድ ቀን ይቆይ። አለዚያ ጤዛው በቀጥታ ጨርቁ ላይ ያርፋል።

የፉርጎው ዋና ጠላት ግን የአየሩ መለዋወጥ ነው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በብረት ማዕዘን ታስሮ ስለማይላወስ ይሰነጠቃል። በአዳራሹ እርጥበት ከ45 እስከ 60 በመቶ ባለው ውስጥ ቢሆን መልካም ነው፤ ከዚያም የሚበልጠው ሳይዋዥቅ መቆየቱ ነው። መቀመጫው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይብለጥ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ወረቀት ላይ በነጭ መስመር የተሳሉ የድሮ የሎኮሞቲቭ ንድፎችና አንድ ሣጥን የካርቶን ትኬት አግኝተናል። አሲድ በሌለው፣ ኖራማ በሆነ የመዝገብ ወረቀት ጠቅልለን እናስቀምጥ?

መልስ፦ ትኬቶቹን አዎ፤ ንድፎቹን በጭራሽ። ሰማያዊው ቀለም እንደ ኖራ ባለ አልካሊ የሚጠፋ የብረት ውህድ ነው። ለሌላ ወረቀት ደግ የሆነው ኖራማ ወረቀት ንድፉን ያደበዝዘዋል። አሲድም ኖራም የሌለው ወረቀት ጠይቁ። በብርሃን የደበዘዘ ሰማያዊ ንድፍ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ቀለሙ በከፊል ይመለሳል፤ እንዲህ ያለ ዕድል የሚሰጥ ቅርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዕይታ ቅጂውን ስቀሉ፣ ዋናውን አሳርፉት።

ትኬቶቹ 57 በ30 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆኑ የኤድመንድሰን ትኬት ናቸው። እንግሊዛዊው ቶማስ ኤድመንድሰን በ1830ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ተራ ቁጥር የታተመበት ካርቶን ብዙ የዓለም ባቡሮች ተጠቅመውበታል። የተበሳውን ቀዳዳና የቀኑን ማኅተም እንደ ጉዳት አትቁጠሩት፤ ትኬቱ መቼ እንደተቆረጠ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የታሰሩበትን ላስቲክ ግን ዛሬውኑ አውጡት፤ ሲያረጅ ቀልጦ ካርቶኑ ላይ ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎች ሁልጊዜ «ባቡሩ መሪ ሳይኖረው እንዴት ይታጠፋል?» ብለው ይጠይቁናል። አስጎብኚዎቻችን የመንኮራኩሩን ከንፈር፣ በውስጥ በኩል ወጣ ያለውን ጠርዝ፣ እያሳዩ «ይህ ይይዘዋል» ይላሉ። ትክክል ነው?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። ከንፈሩ የመጨረሻ ዋስ ነው፤ በደህናው ጊዜ ሐዲዱን እምብዛም አይነካም። ባቡሩን የሚመራው የመንኮራኩሩ መርገጫ፣ ማለትም ሐዲዱ ላይ የሚያርፈው ፊቱ፣ ቅርጽ ነው። መርገጫው ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ውጭ እየጠበበ ይሄዳል፣ በብዙ ባቡሮች በየ20 ሚሊ ሜትሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። ሁለቱ መንኮራኩሮች በአንድ አክስል ላይ ተጠብቀው ስለተገጠሙ እኩል ይዞራሉ። አክስሉ ወደ ቀኝ ቢያዘነብል የቀኙ መንኮራኩር በሰፊው፣ የግራው በጠባቡ ዙሪያው ሐዲዱን ይረግጣል። በአንድ ዙር የቀኙ የበለጠ መንገድ ይሄዳል፤ አክስሉም ራሱን ወደ መሐል ይመልሳል። ኩርባ ላይም እንዲሁ ነው።

ይህን በቃል ከማስረዳት በአምስት ደቂቃ ማሳየት ይሻላል። አራት የወረቀት ኩባያ፣ ማጣበቂያ ፕላስተርና ሁለት ቀጥ ያሉ የአንድ ሜትር ዘንጎች አዘጋጁ። ሁለቱን ኩባያ በሰፊው አፋቸው፣ ሌሎቹን ሁለት በጠባቡ መቀመጫቸው አጣብቁ። ዘንጎቹን ትይዩ አድርጋችሁ በትንሹ አዘንብሏቸው፤ በመካከላቸው ያለው ስፋት ከተጣበቁት ኩባያዎች ርዝመት ግማሽ ያህል ይሁን። በሰፊው የተጣበቁትን ጠመም አድርጋችሁ ልቀቋቸው፤ ግራ ቀኝ እያሉ መንገዳቸውን ይይዛሉ። በጠባቡ የተጣበቁት ወዲያው ይወድቃሉ። ልጆቹን ከመልቀቃችሁ በፊት የትኛው እንደሚወድቅ ጠይቋቸው፤ አብዛኞቹ ይሳሳታሉ፤ የተሳሳተ ልጅ ደግሞ አጥብቆ ይመለከታል።

ከዚያ ወደ እውነተኛው መንኮራኩር ውሰዷቸውና ቀጥ ያለ ማስመሪያ መርገጫው ላይ አጋድማችሁ በሥሩ የሚታየውን ክፍተት አሳዩአቸው። በሁለቱ ሐዲዶች ውስጠኛ ጎኖች መካከል ያለውን ስፋትም ራሳቸው ይለኩ፤ 1,435 ሚሊ ሜትር ከሆነ በዓለም በብዛት የሚሠራበት ስፋት ነው፣ 1,000 ከሆነ አሮጌው የጅቡቲ አዲስ አበባ መስመር የተሠራበት ነው። ሜትሩ ከብረት ይሁን፤ የጨርቁ ይሳባል። ኩባያዎቹን ደግሞ ለየቡድኑ አዲስ አዘጋጁ፤ ጎናቸው አንዴ ከተጨማደደ በሰፊው የተጣበቁትም መውደቅ ይጀምራሉ።